ሰነፍ ሰው ይተኛል

በ1971 ዓ.ም. ጅጅጋ ውስጥ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሠራተኞች በተሰበሰቡበት አቁመው የጠየቁኝ አንዲት ቃል ብቻ ነበር። «ሰነፍ ነኝ» ካልኩ ጉዳዩ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይዘጋል። አልልም ካልኩ ግን ፋይሌ ወደ ጸጥታ ሰዎች ይተላለፋል፤ በዚያን ጊዜ ወደዚያ የተላለፈ ፋይል ደግሞ ባለቤቱን ይዞ ነበር የሚሄደው። ቃሏ ቀላል ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ስለኖርኩ ለአፌም እንግዳ አልነበረችም። ያም ሆኖ አላልኩም፤ ለምን እንዳላልኩ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ራሴው ልናገር።

ደስታነሽ እባላለሁ። አባቴ ወልደአማኑኤል ጅጅጋ የተወለደ የወታደር ልጅ ነው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው። «ይቺ ልጅ ስትወለድ እንቅልፏን እናቷ ሆድ ውስጥ ረስታው ወጣች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እናቴን ግን አላሳቃትም። ማታ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ እኔ ብቻዬን ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር ስመላለስ ብታይ እግሬን በመቀነቷ ከአልጋው ጋር ታስረኝ ጀመር። ጠበልም ወሰደችኝ። ቄሱ ሲረጩኝ ሳቅሁ፤ የሚስቀው ሰይጣኑ ነው ተባለ። እኔ የሳቅሁት ውሃው አፍንጫዬ ውስጥ ስለገባ ነው።

ሲነጋ ደግሞ ጎትቶ የሚያነሳኝ ጠፋ። ትምህርት ቤት አድርሰውኝ ዓይኔ መምህሩ ላይ ቢሆንም ልቤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ከሚያንኳኳው ነፋስ ጋር ነው፤ ጅጅጋ ደግሞ ነፋስ አታጣም። እርሳስ እጥላለሁ፣ ደብተር እረሳለሁ። ሳልጠየቅ እመልሳለሁ፤ ስጠየቅ ጥያቄው ይጠፋብኛል። «ጭንቅላት አለሽ፣ ግን ሰነፍ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ሰነፍ የሚባል ሰው ምን እየሠራ እንደሚያድር የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።

ይህ ነገር ዛሬ ስም አለው። በቅርቡ የእህቴ የልጅ ልጅ ሐኪም ዘንድ ተወስዳ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ነው ተባለ። እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች እንቅልፋቸው ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ሌላው ሊተኛ ሲያዛጋ የእነሱ ጭንቅላት ገና እንደሚነቃ፣ ያልተኛ ጭንቅላት ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ እንደሚበተን ሐኪሟ አስረዳችን። ትኩረቱና እንቅልፉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ነው አለችን። ከጎን ተቀምጬ ስሰማት መጀመሪያ እንባዬ መጣ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ይህን ለእናቴ የሚነግራት ሰው ያኔ የት ነበር? ለከሳሼ ለጓድ ጫኔስ? ብቻ ወደ ነገሬ ልመለስ፤ ወሬ ስጀምር መንገድ መሳት ልማዴ ነው።

የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ወደ ሐረር ሸሽተን ነበር። ጅጅጋ በየካቲት 1970 መጨረሻ ከወራሪው እጅ ከተመለሰች በኋላ መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ወላጆቼ እዚያው ሐረር ሲቀሩ እኔ ለሥራዬ ስል ብቻዬን ተመለስኩ። የምኖረው ሻሚስ ከምትባል የግመል ወተት ነጋዴ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ሥራዬ የታይፕ ጸሐፊነት ነበር። ታይፑ ፊት ከተቀመጥኩ ጣቶቼን የሚከተል አልነበረም፤ መከራው ታይፑ ጋ በሰዓቱ መድረስ ላይ ነው። ሥራ የሚገባው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። የሚደውል ሰዓት ገዝቼ ድምፁ እንዲጎላ ባዶ ድስት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ተኝቼ እያለሁ ተነሥቼ አጠፋሁት። ሻሚስ ወተቷን ይዛ ስትወጣ በሬን ትደበድብልኛለች። «አባዮ፣ ተነሺ» ትለኛለች፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። «ተነሥቻለሁ» እላታለሁ። እውነቴን መስሏት ትሄዳለች። አንድ ቀን አንዱን እግሬን ጥቁር፣ ሌላውን ቡናማ ጫማ አድርጌ ሥራ ገብቼ እስከ ምሳ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሌሊት ግን ሌላ ሰው ነኝ። ቀን ሜዳ ላይ የተበተነው ሐሳቤ ሁሉ ሲጨልም ተሰብስቦ ቤቴ ይገባል። ሰዓት እላፊ ስለነበር ወጥቶ መንሸራሸር የለም። ስለዚህ እሰፋለሁ። የእናቴ የእጅ ስፌት መኪና ነበረችኝ። የእርዳታ ዱቄት የመጣበትን ከረጢት እያጠብኩ ለሻሚስ ልጆችና ለሠፈሩ ሕፃናት ቁምጣ እሰፋበት ነበር። የሠፈራችን ልጆች የእርዳታ ማኅተም መቀመጫቸው ላይ ይዘው ሲሮጡ ማየት የዚያ ክፉ ዓመት ደስታዬ ነበር። ድምፁ ሰው እንዳይረብሽ ከመኪናዋ ሥር ብርድ ልብስ አጥፌ አነጥፋለሁ። ብርሃኑ እንዳይታይ ደግሞ መስኮቱን ዘግቼ ቀዳዳውን በጨርቅ እደፍናለሁ። ሠፈርተኛ «አሁንም አልተኛችም» እንዳይለኝ ነበር። አለመተኛቴን መደበቅ የተማርኩት ከዚያ ከመቀነቱ ዘመን ጀምሮ ነው፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው መደበቄ ነው።

ጫኔ ቀን የመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ማታ ደግሞ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ጠመንጃው ከቁመቱ አይተናነስም። አንድ ማታ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ከተዘጋ ቤት፣ ከታፈነ ብርሃን ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማ። የሰማው የስፌት መኪና ነው፤ የመሰለው ግን የመገናኛ ራዲዮ ነው። በዚያን ጊዜ ጅጅጋ ውስጥ በጨለማ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ሁሉ ድንበር ማዶ ላለችው ለሐርጌሳ መልእክት የሚልክ ይመስል ነበር። ጫኔ ዝም ብሎ ሄደና በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ያስተውለኝ ጀመር። ዓይኔ ቀልቷል፤ ራሴ ይወድቃል። ጠዋት በሚደረገው የውይይት ክበብ ላይ የቢሮ ኃላፊያችን ጓድ በዛብህ ጽሑፍ እያነበቡ ሳለ ጭራሽ አንኮራፋሁ። ጫኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም።

ቤቴ ተፈተሸ። የተገኘው መኪናዋ፣ ከረጢቱና ያላለቀ ቁምጣ ነው። ይኸው በቃ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ጫኔ ግን መኪናዋ ሽፋን ናት፣ ራዲዮው ሌላ ቦታ ተደብቋል አለ፤ ራዲዮ ባይሆን እንኳ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ በሌሊት የሚገባ ኮንትሮባንድ አለ አለ። ሻሚስ ልጆቿን ቁምጣቸውን አስለብሳ ቀበሌ ድረስ ሄዳ፣ ይህቺ ልጅ እንቅልፍ የላትም፣ የምትሠራው ይህን ነው ብላ መሰከረች። ምስክርነቷ አባሰው። የሶማሌ ሰው ቃል ያኔ በምን ዓይን ይታይ እንደነበር የሚረሳ የጅጅጋ ሰው የለም። ወንድሟ ድንበሩ አጠገብ ሀርሺን የሚኖር መሆኑ ክሱ ላይ ተጨመረና ሻሚስ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። እኔም ለእሷ ስል ደሜ ፈላ።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ጓድ በዛብህ ቢሯቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ጓድ በዛብህ ክፉ ሰው አይደሉም። ራት በልተው ራሳቸውን ትራስ ላይ ሲያደርጉ የሚተኙ፣ ዶሮ ሳይጮህ የሚነሡ ሰው ናቸው፤ የሌላውም ሰው ሥሪት እንደዚያ ይመስላቸዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሩኝ።

«ስሚኝ ልጄ፤ ግለ ሂስ አድርጊ። ሰነፍ ነኝ፣ በስፌት ስለማመሽ አረፍዳለሁ፣ ወደፊት አስተካክላለሁ በይ። ሰነፍን የሚያስር የለም፤ የሚያሳስርሽ አንቺ ዘንድ ምን እንዳለ አለማወቃቸው ነው።»

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ፤ እውነቴንም ነበር። ልል ወስኜ ነው ቤቴ የገባሁት። መስተዋት ፊት ቆምኩና ለመለማመድ አፌን ከፈትኩ። «ሰነፍ ነኝ» ስል ድምፄ የእናቴን ድምፅ መሰለኝ፤ እግሬን ስታስር የምትናገርበትን። እየደጋገምኩ ልለው ሞከርኩ፤ በተደጋገመ ቁጥር ተናደድኩ። እንቅልፍ ፍለጋ ያልሞከርኩት ምን አለ? ጸሎት ሞክሬአለሁ፣ እግሬን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌአለሁ። የሻሚስን ወፍራም ሻይ ጠጥቼ፣ ሌላውን የሚያነቃው ሻይ እኔን ትንሽ ሲያረጋጋኝ ተገርሜአለሁ። እንቅልፍ ለማግኘት እኔ የደከምኩትን ያህል ጓድ በዛብህ ለአብዮቱ አልደከሙም። ሰነፍ ነኝ ካልኩ ያ ሁሉ ሌሊት ውሸት ሊሆን ነው።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ጫኔ ተነሥቶ ክሱን አሰማ። የሌሊት ሥራ የሌለው ሰው ሌሊት አይነቃም፣ ንጹሕ ሰውም መስኮቱን በጨርቅ አይደፍንም አለ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። ተራው የእኔ ሆነ። ግለ ሂስ የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ የሚጀምርበት አባባል አለው፤ «ሂሱን ተቀብያለሁ» ይላል፤ ከዚያ የፈለገውን ይቀጥላል። ጓድ በዛብህ ከመድረኩ ላይ ሆነው በዓይናቸው ያበረታቱኛል።

«ሂሱን አልቀበልም» አልኩ።

አንዴ ከጀመርኩ ማቆም የማልችል ሰው መሆኔ ያን ቀን ጠቀመኝ።

«ጠዋት ማርፈዴ እውነት ነው፤ ለእሱ ቅጡኝ። ሰነፍ ግን አይደለሁም። ሰነፍ ሰው ይተኛል። እኔ እንቅልፍ ስማጸን የማድር፣ የማይሰጠኝ ሰው ነኝ። መስኮቴን የደፈንኩት አፍሬ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለኝም። ካላመናችሁኝ ወስዳችሁ አሳድሩኝና እዩ።»

ጓድ በዛብህ ግንባራቸውን ያዙ። ጫኔ ግን ቃሌን አፈፍ አደረጋት። ይደርና ይታይ አለ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ በእጄ ምንም ሥራ ሳይኖር፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከተኛሁ እንቅልፍ የለኝም ያልኩት ውሸት ነው፤ የማድረው በሥራ ነው ማለት ነው። ያኔ ፋይሌ በቀጥታ ይሄዳል። ስብሰባው ተስማማ፤ ጠባቂ ሆኖ የሚያድረውም ራሱ ጫኔ እንዲሆን ተወሰነ።

ያን ማታ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ እኔ ግድግዳው ሥር፣ ጫኔ በሩ ሥር ተቀመጥን። መካከላችን ፋኖስ አለ። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። እኔ እግሬን አወዛውዛለሁ፣ የወንበሩን ሚስማር እነካካለሁ፣ የቆርቆሮውን ድምፅ እሰማለሁ፤ ለእኔ የዘወትር ሌሊት ነው። ጫኔ ቀን መዝገብ ቤት ሲሠራ ውሎ፣ ያለፈውንም ማታ ጥበቃ ያደረ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ጠመንጃው ከጭኑ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ብድግ ብዬ ያዝኩትና ቀስ አድርጌ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት። በሩ አልተቆለፈም። ብፈልግ መሄድ እችል ነበር። ቁጭ ብዬ ፊቱን አየሁ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ አፉ ተከፍቷል። ይህን ልጅ እስከዚያ ጠልቼው ነበር፤ ያን ሰዓትም እጠላው ነበር። ሆኖም ጠዋት ጠዋት መስተዋት ውስጥ የማየውን ፊት ሰው ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሊነጋ ሲል ውጭ የጫማ ኮቴ ሰማሁ። ጥበቃዎችን እየዞረ የሚያይ መኮንን ነው። በዚያ ዓመት ጠመንጃ ይዞ ጥበቃ ላይ የተኛ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዝም ብል የጫኔ ነገር እዚያው አብቅቶ ነበር፤ አላበዛሁም፣ ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ እግሩን በእግሬ መታሁት።

«ጫኔ፣ ተነሥ፤ ሰው መጣ።»

መኮንኑ በሩን ሲከፍት ጫኔ ጠመንጃውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሰላም ነው ወይ ተባለ፤ ሰላም ነው አለ። መኮንኑ ሲሄድ ጫኔ ጠመንጃው ተደግፎ የነበረበትን ግድግዳ አየ፣ ያልተቆለፈውን በር አየ፣ እኔንም አየኝ። ፀሐይ ስትወጣ እንደ ልማዴ ያ ከባድ እንቅልፌ መጥቶ ወንበሩ ላይ ጣለኝ። የስብሰባው ሰዓት ሲደርስ ትከሻዬን ነክቶ የቀሰቀሰኝ ጫኔ ነው። በሕይወቴ ሳይሰድበኝ የቀሰቀሰኝ ከሻሚስ ቀጥሎ እሱ ነበር።

አዳራሹ እንደገና ሞላ። ጓድ በዛብህ የጠባቂውን ቃል ጠየቁ። ጫኔ ሲነሣ እኔም አብሬው ተነሣሁና ጥያቄ አለኝ አልኩ፤ ፈቀዱልኝ።

«ጓድ ጫኔ፣ ሌሊት ተኝቼ ነበር?»

«አልተኛሽም።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

ሌሊቱን ሙሉ ምን ስሠራ እንዳደርኩ በዓይኑ አላየም፤ ይህን እሱና እኔ ብቻ እናውቃለን። ቀጥሎ የምጠይቀውንም ያውቀዋል፤ «አንተስ?» የምትል አጭር ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ አየሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አፌ የገባውን ቃል ሁሉ ሳላኝክ የምተፋ ሰው ነኝ። ያቺን ግን ዋጥኳት። ሰው በእንቅልፉ መከሰስ የለበትም እያልኩ ቆሜ ሌላውን በእንቅልፉ ልከስሰው አልቻልኩም።

«ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ ነበር» አለ ጫኔ። ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ተመልሶ ቀና አለ። «ሰነፍ የሚለውም ከክሱ ይውጣ። ሰነፍ አይደለችም።»

ጓድ በዛብህ እፎይ ሲሉ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ለማርፈዴ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ እሱን ተቀበልኩ፤ እውነት ነውና። ሥራ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ገብቼ እስከ ምሽት እንድሠራ ተደረገ። ጓድ በዛብህ አሁንም ማታ ሰው ለምን እንደማይተኛ አልገባቸውም። አልገባኝም ብለው ግን ፈቀዱ፤ ከብዙ ገብቶኛል ባዮች የእሳቸው ይሻለኛል።

ያን ዕለት ማታ ከመስኮቴ ላይ ጨርቁን ነቀልኩት። ብርድ ልብሱንም ከመኪናዋ ሥር ስቤ አልጋዬ ላይ ወረወርኩት። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ፋኖሴን ደፉ ላይ አስቀምጬ መስፋት ጀመርኩ። መኪናዋ ያን ያህል እንደምትጮህ አላውቅም ነበር። የሰማ ይስማ አልኩ። ሻሚስ ከማዶ ክፍሏ ሆና «አባዮ፣ የሌላኛውም ልጅ ቁምጣ ተቀዷል» ብላ ሳቀች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮቴ መጥቶ መስኮቴ ሥር ቆመ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ መኪናዋን ግን አላቆምኩም።

«ደስታነሽ፣ አሁንም አልተኛሽም?» አለ ጫኔ።

«አልተኛሁም። አንተስ?»

ጠመንጃውን ግድግዳዬ ላይ ሲያስደግፍ፣ ራሱም ሥሩ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ሰው ከመጣ ቀስቅሺኝ» አለኝ።